ስለ ጠቅላላ ሳይንስ መምህራን አዲስ የምስክር ወረቀት
(ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለተማሩ ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን መምህራን ሆይ፥ እናንተም በየመንደራችሁ ስለ ትምህርት የምትመክሩ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች ሆይ፤

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በመጠኑ ትንሽ ቢሆንም የብዙ ሕፃናት ዕድል በርሱ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ጥቂት ጊዜ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ። ይኸውም በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስን ለሚያስተምሩ መምህራን ራሱን የቻለ የማስተማሪያ ምስክር ወረቀት ስለ ማቆም ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልግ፥ ወሰኑ እስከ የት እንደሆነ፥ በውስጡም ምን መመስከር እንደሚገባው በተራ እናገራለሁ።

የምስክር ወረቀት ትርጓሜ

ምስክር ማለት ያየውንና የሰማውን የሚናገር፥ ያላየውን ግን የማይጨምር ሰው ነው። ባገራችን በሐሰት የመሰከረ ሰው ምን ያህል እንደሚነቀፍ ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ፤ በርሱ ቃል ርስት ይነቀላል፥ ንጹሕ ሰውም ይታሰራልና። ለመምህር የሚሰጠው ወረቀትም እንዲሁ ስለ መምህሩ ይመሰክራል። «ይህ ሰው ይህን ትምህርት ያውቃል፤ ልጆቻችሁን አደራ ስጡት» ይላል። እንግዲህ ወረቀቱ የመሰከረው ስለ አንድ ትምህርት ብቻ ሆኖ መምህሩ የሚያስተምረው ሦስት ከሆነ፥ በሁለቱ ላይ ያለ ምስክር ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው።

ይህ አሳብ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሥርዐት የጸና ነው። ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ሲፈልግ ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ድጓ ያስመሰከረው ሰው በዚያው ምስክርነት የቅኔ ወንበር ልዘርጋ አይልም፤ ቅኔ ሌላ መምህርና ሌላ ምስክር አለውና። በእስልምናም ትምህርት ዘንድ ደረሳው ከሸሁ ኢጃዛ ሲቀበል፥ ኢጃዛው ለተማረው ኪታብ ነው፤ ላልተማረው አይሆንም። ብሉያትን፥ ሐዲሳትን፥ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ሁሉ ከነትርጓሜያቸው ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሲገኝ ደግሞ «አራት ዐይና» ተብሎ ይከበራል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ሊቅ በየመንደሩ ስለማይገኝ፥ አባቶቻችን መምህር ሁሉ አራት ዐይና ይሁን ብለው አላስገደዱም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚበቃውን ምስክር ለይተው አቆሙ እንጂ። ዛሬ በፊታችን ያለው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ሳይንስ የሚበቃው ምስክር የትኛው ነው?

ሦስቱ ትምህርቶች ስለ ምን አንድ ሆኑ?

አንድ ልጅ በቤቱ እናቱ እንጀራ ስትጋግር ያያል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን በውስጡ ይሠራሉ፤ ይህን የሚያስተምረው ባዮሎጂ ነው። እነርሱም በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየለወጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ፥ ሊጡም ይኮመጥጣል፤ ይህን የሚያስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ሙቀቱ ከእሳቱ ወደ ምጣዱ፥ ከምጣዱም ወደ ሊጡ ይተላለፋል፤ ጋዙና እንፋሎቱም እየሰፋ ወደ ላይ ሲወጣ የእንጀራውን ዐይን ይከፍታል፤ ይህን የሚያስተምረው ፊዚክስ ነው። ልጁ ግን ያየው አንድ እንጀራ ነው። ዕውቀትን ወደ ክፍል ክፍሉ የለዩት ሊቃውንት ናቸው፤ ሥነ ፍጥረት ራሷ እንዲህ ያለ ድንበር አላበጀችም።

ይህን ነገር ቀደም ብለው ካስተዋሉት አንዱ ሚካኤል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ፋራዴይ በልጅነቱ የመጻሕፍት ጠራዥ ደቀ መዝሙር ነበረ፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. መጨረሻ ላይና በ1861 መጀመሪያ በለንደን ለወጣቶች ባደረገው ተከታታይ ንግግር አንዲት ሻማ ብቻ ይዞ ስለ ሙቀት፥ ስለ አየር፥ ስለ ውሃና ስለ ሰው አተነፋፈስ አስተማረ። ሻማው ሲነድ የሚሆነውና ሰው ሲተነፍስ በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው እንደሚመሳሰሉ በገለጠ ጊዜ፥ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአንድ ሻማ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

ከዚያም በኋላ በእንግሊዝ አገር በጄ. ጄ. ቶምሰን መሪነት የተሰበሰበው የመንግሥት ኮሚቴ በ1918 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለ ሳይንስ ትምህርት ያዘጋጀውን መግለጫ አወጣ። በአሜሪካም በ1920 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ እንዴት እንደሚደራጅ የሚያመለክት መግለጫ በመንግሥት የትምህርት ቢሮ ታትሞ ወጣ፤ በዚያም ጠቅላላ ሳይንስ ለታናናሾቹ ክፍሎች የሚስማማ ትምህርት ሆኖ ተቈጠረ። ስለዚህ ሦስቱን ትምህርቶች በአንድነት ማስተማር ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረመር የኖረ መንገድ ነው።

ያገራችን ሁኔታ

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ስምንት ዓመት አድርጎ ነበር። በዚያ ሥርዐት ልጆች በታችኞቹ ክፍሎች የአካባቢ ሳይንስን፥ ቀጥሎም የተቀናጀ ሳይንስን እየተማሩ ቆይተው፥ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ባዮሎጂን፥ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ለየብቻ ይማሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የትምህርቱ ደረጃ ስድስት፥ ሁለትና አራት ዓመት ሆኖ ተከፈለ። በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲሱ ሥርዐተ ትምህርትም 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው፥ ሦስቱ ትምህርቶች በነዚህ ሁለት ክፍሎች ጠቅላላ ሳይንስ በሚል ስም በአንድ መጽሐፍ ተጠቃለሉ። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ እንደ ገና ወደ ሦስት ይለያል።

እንግዲህ አስተውሉ፤ መጽሐፉ አንድ ሆኗል፥ የክፍለ ጊዜው ሰሌዳም አንድ ሆኗል። መምህሩ ግን እንዲሁ በአንድ ቀን አንድ ሊሆን አይችልም። ከዚህ ቀደም በየኮሌጁ ሠልጥነው ወደ መንደር ትምህርት ቤቶች ከተላኩት መምህራን ብዙዎቹ ዲፕሎማቸው በባዮሎጂ ወይም በኬሚስትሪ ወይም በፊዚክስ ነው። የባዮሎጂው መምህር ስለ ሴልና ስለ ምግብ መፈጨት ደስ እያለው ያስተምራል፤ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ኃይል የተጻፈው ምዕራፍ በደረሰ ጊዜ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ከመጽሐፉ ያነብባል፥ ልጆቹም ይጽፋሉ፥ ምዕራፉም በዚያው ያልፋል። የፊዚክሱም መምህር ስለ ተዋልዶና ስለ በሽታ የተጻፈው ሲደርስ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የስንፍና ውጤት አይደለም፤ ያልታጠቀ ሰው ወደ ዘመቻ ሲላክ የሚደርስበት ነገር ነው።

ጉዳቱ የሚወድቀው በልጁ ላይ ነው። በ8ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው ፈተና መምህሩ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚወድ አይጠይቅም። ፈተናውንም ያለፈው ልጅ በ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪን ለብቻው በሚያገኝበት ጊዜ ከታች ሊጣልለት የሚገባው መሠረት እንደሌለ ያን ጊዜ ይገለጣል። በከተማ ያለው ልጅ የጐደለውን በአስጠኚ ወይም በሌላ መጽሐፍ ይሞላል፤ የመንደሩ ልጅ ግን ያለው መምህር ያው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በመምህሩ ወረቀት ላይ ያለው ጉድለት ከሁሉ አብልጦ የሚጐዳው የገበሬውን ልጅ ነው።

ሁለት የማይበጁ መንገዶች

ይህን ችግር ለማቃለል ብዙ ጊዜ የሚያዙ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው «ሳይንስ ሁሉ ሳይንስ ነው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውንም ይወጣዋል» ማለት ነው። ይህ አነጋገር ብረት ቀጥቃጩን «ብረትም ሸክላም በእሳት ይሠራልና ገንቦም ሥራ» እንደ ማለት ነው። እሳቱ አንድ ቢሆንም እጁ የለመደው ሥራ ይለያያል።

ሁለተኛው አንዱን መጽሐፍ ለሦስት መምህራን ማከፋፈል ነው። ብዙ መምህራን ባሉበት ትልቅ ትምህርት ቤት ይህ ለጊዜው ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን በመንደር ትምህርት ቤት ሦስቱ መምህራን በአንድነት አይገኙም፤ ቢገኙም ትምህርቱ ባለቤት ያጣል። አንዱ ስለ እርሾ፥ ሌላው ስለ ጋዝ፥ ሦስተኛውም ስለ ሙቀት ለየብቻ ተናግረው ሲወጡ፥ የእንጀራውን ነገር በአንድነት የሚነግረው ሰው አይኖርም። ሦስቱን አንድ ያደረግንበት ምክንያትም ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ የሚቀረው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ይኸውም ሥራውን በሚገባ የሚመስል አዲስ ምስክር ማቆም ነው።

ከሌላ አገር የምናገኘው ትምህርት

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ለመምህራን ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚሽን በ1970 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣ ሕግ ተቋቁሟል። በዚያ አገር ሳይንስ ለማስተማር የሚሰጠው ምስክር በአራት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ በባዮሎጂ፥ ሁለተኛው በኬሚስትሪ፥ ሦስተኛው ስለ ምድርና ስለ አየር ጠባይ በሚያስተምሩ ሳይንሶች፥ አራተኛው በፊዚክስ ነው። ከአራቱ አንዱን የሚፈልግ ሰው በጠቅላላ ሳይንስ ይፈተናል፤ ከዚያም በላይ በመረጠው ክፍል ጠለቅ ያለውን ፈተና ያልፋል።

ዳሩ ግን በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚፈለገው መምህር ጠቅላላ ሳይንስን የሚያስተምር ነበር። ስለዚህ ከአራቱ በተጨማሪ የመሠረታዊ ደረጃ ጠቅላላ ሳይንስ ምስክር የተባለ ሌላ ወረቀት አቆሙ። ይህን የሚፈልግ ሰው በጠቅላላው ሳይንስ ይፈተናል፤ የአንዱን ክፍል ጥልቅ ፈተና ግን አይገደድም። በዚያው ልክ ወረቀቱ ወሰን አለው፤ የያዘው ሰው መሠረታዊውንና ጠቅላላውን ሳይንስ ያስተምራል እንጂ፥ በከፍተኛው ክፍል ባዮሎጂን፥ ኬሚስትሪን ወይም ፊዚክስን ለብቻው እንዲያስተምር አይፈቀድለትም።

የካሊፎርኒያ ሀብትና የኛ ሀብት አይመሳሰልም፤ ሥርዐታቸውንም እንዳለ እንገልብጥ አልልም። የምወስደው አንድ አሳብ ብቻ ነው፤ እርሱም ስፋትና ወሰን አብረው መሄድ እንዳለባቸው ነው። ምስክሩ በስፋቱ ሦስቱንም ትምህርቶች ይይዛል፤ በወሰኑ ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ብቻ ይሄዳል። ወሰን የሌለው ሰፊ ምስክር ለሁሉም ክፍል ርካሽ መምህር ማግኛ ይሆናል፤ ስፋት የሌለው ጠባብ ምስክር ደግሞ ዛሬ ባለንበት ችግር ያስቀረናል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች «ይህ አዲስ ወረቀት የመምህርነትን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁሉን ጥቂት ጥቂት የሚያውቅ ምንም የማያውቅ ነው» ብለው ይቃወማሉ። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም። መልሴ ግን እንዲህ ነው። ደረጃው ዝቅ የሚለው ዛሬ ነው፤ መምህሩ ባልተመሰከረለት ትምህርት ላይ ዝም ተብሎ ስለሚቆም ነው። አዲሱ ምስክር ያን ዝምታ ያስቀራል። ከዚህም በላይ ለ7ኛ ክፍል ልጅ የሚያስፈልገው ዕውቀት ስፋት ያለው ይሁን እንጂ ስስ መሆን የለበትም፤ ጥቂት ታላላቅ አሳቦችን በደንብ ጨብጦ እርስ በርሳቸው ማያያዝ ራሱ ጥልቅ ዕውቀት ነው።

ምስክሩ ምን ይመስክር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንዲህ ያለው ወረቀት አምስት ነገሮችን ሊመሰክር ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፥ መምህሩ መሠረታዊ አሳቦችን እንደሚያውቅ ነው። እነዚህም ስለ ቁስ አካልና ስለ ቅንጣቶቹ፥ ስለ ጉልበትና ስለ መለዋወጡ፥ ስለ ሕያዋን ሴልና ስለ ዘር፥ ስለ ምድርና ስለ ሰማይ አካላት፥ ስለ መለካትና ስለ ልክ የሚነገሩ ናቸው። ማወቅ ሲባል ቃሉን በቃል መያዝ ማለት አይደለም። ምሳሌ ልስጥ፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይባላል። ይህ በባሕር ወለል ከፍታ እውነት ነው። በአዲስ አበባና እንደ እርሷ ባሉት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገዩትም ስለዚህ ነው። ቃሉን ብቻ የያዘ መምህር ልጁ 92 ብሎ ሲነግረው «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይለዋል፤ አሳቡን የያዘ መምህር ግን ከዚያች ቁጥር ተነሥቶ ስለ አየር ግፊት ያስተምራል።

ሁለተኛ፥ እጁ ሥራ እንደሚችል ነው። በመንደር ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የለም ተብሎ ሙከራ መቅረት የለበትም። አንድ ድንጋይ በ1 ሜትር ገመድ አንጠልጥለው ቢያወዛውዙት፥ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ድንጋዩን በከበደ ድንጋይ ቢለውጡት ጊዜው አይለወጥም፤ ገመዱን ቢያሳጥሩት ግን ይለወጣል። ቀይ ጥቅል ጐመን ተቀቅሎ ውሃው ቢወሰድ፥ የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት ወደ ቀይ፥ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ በዚህም አሲድንና ቤዝን ለይቶ ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ ለምስክሩ የሚደረገው ፈተና በወረቀት ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ ተፈታኙ በመርማሪዎች ፊት ከአካባቢው በሚገኝ ዕቃ ከሦስቱም ክፍሎች ሙከራ ሠርቶ ያሳይ።

ሦስተኛ፥ ልጆችን ከአደጋ እንደሚጠብቅ ነው። አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ቀስ እያለ በውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው በአሲዱ ላይ አይፈስስም፤ ሊፈናጠር ይችላልና። ከሰልም በተዘጋ ክፍል አይነድድም፤ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ ይወጣዋልና። በባዮሎጂ ብቻ የሠለጠነ መምህር እንዲህ ያለውን ነገር ሳያውቅ ሙከራ ቢጀምር፥ ጉዳቱ ምዕራፍ ከመዝለል የከፋ ይሆናል።

አራተኛ፥ ልጆች በየትኛው ላይ እንደሚሳሳቱ እንደሚያውቅ ነው። ብዙ ልጆች ተክል የሚያድገው አፈር እየበላ ነው ብለው ያስባሉ። ይህን አሳብ የመረመረው ቫን ሄልሞንት የተባለ ሐኪም ነበረ። በ200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ውስጥ 5 ፓውንድ የሚመዝን ችግኝ ተክሎ አምስት ዓመት ውሃ እያጠጣ አሳደገው። በመጨረሻ ዛፉ 169 ፓውንድ ያህል ሲመዝን አፈሩ የጐደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበረ። ይህም ሥራው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1648 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ታተመ። ሄልሞንት ዛፉ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ፤ ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። በ1779 ኢንገንሁስ የፀሐይ ብርሃን በቅጠል ሥራ ላይ ያለውን ድርሻ ገለጠ፤ በ1804 ደግሞ ዴ ሶሱር ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ አብረው የተክሉን ክብደት እንደሚጨምሩ አስረዳ። እንግዲህ ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ መመዘን፥ ብርሃን፥ ጋዝና ቅጠል ሁሉ አስፈልገዋል። በአንዱ ክፍል ብቻ የሠለጠነ መምህር ታሪኩን ከመካከል ያቋርጠዋል፤ የልጁም ስሕተት በቦታው ይቀራል።

አምስተኛ፥ ቋንቋውን እንደሚችል ነው። በመካከለኛ ደረጃ ሳይንስ በአንዳንድ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ በአንዳንዶቹም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። መምህሩ ቃሉን በሁለቱም ቢያውቅ ልጁ ቃሉ ሲከብደው አሳቡን በለመደው ቋንቋ ያስረዳዋል፤ ወደ 9ኛ ክፍልም ሲያልፍ እንግዳ እንዳይሆን ያዘጋጀዋል።

በሥራ ላይ ስላሉት መምህራን

አዲስ ሥርዐት በመጣ ቁጥር ነባሩ መምህር «እኔስ ምን ልሆን ነው?» ብሎ ይሠጋል፤ ሥጋቱም ተገቢ ነው። ብዙ ዓመት በገጠር ያገለገለን መምህር አዲስ ወረቀት የለህም ብሎ መግፋት ፍርድ ማጓደል ከመሆኑም በላይ ትምህርት ቤቱን ባዶ ማስቀረት ነው።

ባገራችን የመምህራን ሥልጠና ከጊዜው ጋር እየተለወጠ እንደ መጣ ማስታወስ ይረዳናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና ተጀመረ። በ1969 በኮተቤ፥ በ1972ም በባሕር ዳር የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍተኛ ተቋሞች ተከፈቱ። በየጊዜው ትምህርት ቤቱ አዲስ ዐይነት መምህር ሲፈልግ አዲስ ዐይነት ሥልጠና ተከፈተ፤ ቀድሞ የነበሩትም መምህራን በክረምት ትምህርት እየገቡ ደረጃቸውን አሻሻሉ። ይህ የክረምት ትምህርት ለዚህም ሥራ የተዘጋጀ መንገድ ነው።

ስለዚህ ነባሩ መምህር ከሀ ይጀምር አልልም። የባዮሎጂ ዲፕሎማ ያለው የባዮሎጂው ክፍል ተቈጥሮለት፥ ኬሚስትሪን፥ ፊዚክስንና የምድርን ሳይንስ በክረምት ይማር፤ ሌሎቹም በየፊናቸው እንዲሁ። የቀድሞው ዲፕሎማ አይረክስም፤ ከላዩ ሌላ ምስክር ይጨመርበታል እንጂ። ለአዲሱም ምስክር ደረጃና ደመወዝ ሊከተለው ይገባል። ሁለትና ሦስት ክረምት ከቤተ ሰቡና ከእርሻው ተለይቶ የተማረ ሰው የሚያገኘው ወረቀት ብቻ ከሆነ፥ ሌላው ከእርሱ አይቶ ይቀራል።

ወጪው ይከብዳል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ወጪ አለው። ነገር ግን 7ኛና 8ኛ ክፍልን ተምሮ በ9ኛ ክፍል በሳይንስ ተስፋ የሚቈርጥ ልጅ ለመንግሥትም ለአባቱም ምን ያህል ወጪ እንደ ሆነ አብሮ መቈጠር አለበት። ለዚያ ልጅ መጽሐፍ ታትሟል፥ ክፍል ተሠርቷል፥ አባቱም ከእረኝነትና ከእርሻ ሥራ ለይቶ ሰዶታል።

ከአሁን ጀምሮ ስለሚሠራው ሥራ

እንዲህ ያለው ምስክር ተመክሮበት፥ ተደንግጎና ተፈትኖ በየመንደሩ እስኪደርስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ልጆቹ ግን የሚመጡት ነገ ጠዋት ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለውን እንሥራ።

እናንተ መምህራን በጉድኝት ማእከላችሁ ተሰብሰቡ። በአንዱ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ፥ በአጠገቡ ባለው የፊዚክስ መምህር ቢኖር፥ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በፊት አንዱ ሌላውን ያስተምር፤ ሙከራውንም አብራችሁ ሠርታችሁ ከሞከራችሁ በኋላ ወደየክፍላችሁ ይዛችሁ ግቡ። የማታውቁትን ምዕራፍ ከመዝለል ይልቅ አስቀድማችሁ «ይህን ምዕራፍ ማን ይርዳኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ የመምህርን ክብር አይቀንስም፤ በቅኔ ቤትም ዘራፊው ተማሪ ሳይቀር ምሥጢሩን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይጠይቃል። የሠራችሁትንና የከበዳችሁንም በጽሑፍ አኑሩ፤ ምስክሩ ምን መያዝ እንዳለበት የሚወስኑት ሰዎች ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ የሚገባቸው ይህን ነው።

እናንተም ሽማግሌዎች በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለ ጣሪያውና ስለ አጥሩ ብቻ አትጠይቁ፤ «በዚህ ዓመት ከሳይንሱ መጽሐፍ የትኛው ምዕራፍ ቀረ? ስለ ምንስ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህሩን ለመክሰስ ሳይሆን የሚያስፈልገውን አውቃችሁ ለወረዳው ለማመልከት ይሁን። ከዚህም ሌላ በመንደሩ ያለውን ዕውቀት ወደ ክፍል አስገቡ። ብረት ሠሪው ብረት ሲግልና ሲቀዘቅዝ የሚሆነውን፥ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው በእሳት እንዴት እንደሚለወጥ፥ ጠላ ጠማቂዋም ጌሾና ብቅል ምን እንደሚሠሩ በዐይናቸው ያዩትን ይነግሩታል። መምህሩ ምክንያቱን ያክልበታል፤ ልጁም የቤቱና የትምህርት ቤቱ ዕውቀት አንድ መሆኑን ያያል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ መጻሕፍቱን አንድ ማድረግ በአንድ ዓመት ተፈጸመ። መምህሩን ለዚያ መጽሐፍ ማብቃት ግን ረዘም ያለ፥ ገንዘብም ትዕግሥትም የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ካልተሠራ የመጀመሪያው በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለጠቅላላ ሳይንስ መምህር ስሙንና ሥራውን በትክክል የሚናገር፥ ወሰኑንም የማይተላለፍ፥ በፈተና የተገኘና በደመወዝ የተደገፈ ምስክር እንዲቆም በየስብሰባችሁ ተናገሩ፥ በየማመልከቻችሁም ጻፉ። በየመንደሩ ያለው የ7ኛ ክፍል ልጅ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ የሚሰማው ቃል ሁሉ በታወቀ ምስክር የጸና እንዲሆን፥ ሁላችንም በያለንበት የተቻለንን እናድርግ።